ከበሩ ሲወጡ በስተቀኝ

አንድ አንሼቦ የሚባል ገበሬ ነበር። የሚኖረው የውጭ አገር ሚስዮኖች በሠሩት አነስተኛ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሚስቱ አጋታ በወጣትነቷ ስትሞትበት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበራት፤ ከበሩ ሲወጡ በስተቀኝ፣ ከግድግዳው ጥግ። የእንጨት መስቀል ተከለላት። ከዚያ ሐዘኑ አላስቀምጥ ሲለው አገሩን ትቶ ሄደና በአንድ ስኳር ፋብሪካ አገዳ ቆራጭ ሆነ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሸብቶ ተመለሰ። አሮጌው የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በቦታው የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል፤ ቀድሞ ያልነበረ የመኪና መንገድም በደጁ ያልፋል። የመቃብሮቹን መስቀሎች ምስጥ ጨርሷቸዋል። አንሼቦ ከሕንፃው በር ወጣ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ከግድግዳው ጥግ አንድ መቃብር አገኘ። ግን የሆነ ነገር ቅር አለው። ድሮ ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጣ ፀሐይ ፊቱን ትመታው ነበር፤ አሁን የምትወጣው ከኋላው ነው። ሰው መጠየቅ አፈረ። የገዛ ሚስቱ የት እንደተቀበረች የሚጠይቅ ባል ምን ይባላል? እርጅና ነው ብሎ ተወው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ያ መቃብር ሆነ። ያርመዋል፣ አበባ ይተክልበታል፣ ተንበርክኮ ይጸልያል። "ስሞት ከጎኗ ቅበሩኝ" ብሎ ለዘመዶቹ ተናዘዘ። የነቀለውን አረም ደግሞ ቦታው እንዳይቆሽሽ ከሕንፃው ጀርባ ይወስድና ባለቤት የሌለው በሚመስለው አንድ ጉብታ ላይ ይከምረዋል።

ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ፣ በኅዳር፣ ምእመናን የሙታናቸውን መቃብር በሚያጸዱበት ጠዋት፣ ሞኒካ የምትባል ሴት ከሩቅ መጣች። የሎምበቦ ልጅ ናት። ሎምበቦ ከአንሼቦ ጋር በእርሻ ድንበር የተጣላ ጎረቤት ነበር፤ የመሞቱ ወሬ ፋብሪካው ድረስ ሲደርሰው አንሼቦ "የራሱ ጉዳይ" ብሎ ለልቅሶ እንኳ አልመጣም። ሞኒካ አበባውን ስታይ እንባዋ መጣ።

"አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአባቴን መቃብር እንዲህ ያሳመሩት እርስዎ ነዎት?"

"ተሳስተሻል ልጄ። ይህቺ ሚስቴ ናት፣ አጋታ።"

"እዚሁ ቆሜ ነው እኮ ያስቀበርኩት። እሷን የት ነበር የቀበሯት?"

"ከበሩ ሲወጡ በስተቀኝ።"

"ከየትኛው በር? የድሮው በር በወንዙ በኩል ነበር። መንገዱ ሲሠራ ነው ወደዚህ ያዞሩት።"

እጁን ይዛ ወደ ሕንፃው ጀርባ ወሰደችው። የአሮጌው በር ደፍ ድንጋይ ሣር ውስጥ ተቀምጧል። አንሼቦ ላዩ ላይ ቆመ፤ ፀሐይ ፊቱን መታችው። ወደ ቀኝ ዞረ። ጥጉ ላይ ያለው ያ ጉብታ ነው፤ እሱ የጣለው አረም እስከ ወገብ ተከምሮበታል።

ይፈር፣ ይናደድ፣ ያልቅስ ግራ ገባው። ሎምበቦን እንደ ድሮው ልጥላው ቢልም አልሆነለትም፤ ለስንት ዓመት ተንበርክኮለታል። የደብሩን ቄስ ሲያይ ጠየቃቸው።

"አባ፣ ያ ሁሉ ጸሎቴ ለማን ደረሰ?"

"እሱን እኔም አላውቅም፤ አሁን አረሙን እናንሳላት" አሉና ጎንበስ አሉ። ሞኒካም አገዘቻቸው።

አንሼቦ የመጀመሪያውን ሸክም ታቅፎ ተነሣ። ሊጥለው ወደ አንዱ ጉብታ ሄደ፤ ተመለሰ። ወደ ሌላው ሄደ፤ አሁንም ተመለሰ። ሁሉም የሆነ ሰው መቃብር መሰለው። ግቢውን ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ ከአጥሩ ውጭ አውጥቶ ጣለው።

እኛም የራሳችን ያልነውን ስናሳምር ቆሻሻውን ማንም የለበትም ወዳልነው ቦታ እንወረውራለን። የምንወደው ሰው እዚያ ሊኖር እንደሚችል አናስብም፤ የጠላነውንም ሳናውቅ እየተንከባከብነው ይሆናል። እናንተስ፣ አረማችሁን የምትጥሉበት ጉብታ የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?