ወይንሸት ኮዱን እንዴት አገኘች

እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ደግሞ ወሬ ልስጣችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ወይንሸት የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ከታሪኩ ፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከግድግዳው ማዶ ታሪኩና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው የእንግሊዝን ኳስ ሲያዩ፣ ከግድግዳው ወዲህ ወይንሸት እየሰፋች ትሰማለች። የሚጯጯሁት ለኳሱ ብቻ አልነበረም። ፋንታሲ ይጫወታሉ። እያንዳንዳቸው ከየክለቡ ተጫዋች መርጠው በስልካቸው የራሳቸውን ቡድን ያቆማሉ፤ የመረጡት ተጫዋች ጎል ሲያገባ ነጥብ ያገኛሉ፣ በቀይ ሲወጣ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ማን ማንን በለጠ ተብሎ ይተራረባሉ።

ወይንሸትም አምና ለብቻዋ ቡድን ሠርታ ነበር። ለብቻዋ መረጠች፣ ለብቻዋ አሸነፈች፣ ለብቻዋ ተሸነፈች። አንድ ቅዳሜ ካፒቴን ያደረገችው አጥቂ ሦስት ጎል አገባና ከወንበሯ ብድግ ብላ ዘወር ብትል፣ ደስታዋን የሚሰማ ሰው የለም፤ ያለው የስፌት መኪናዋ ነው። በዚያው ቀን ወደ ማዶ ተሻግራ «እኔንም አስገቡኝ» አለቻቸው።

«ውድድሩ ተጀምሯል፣ ለከርሞ ይሁን» አሏት።

ወይንሸትም ከርሞን ጠበቀች። አዲሱ ውድድር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጀመር፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተደግፋ የመጨረሻውን ተጫዋች መረጠች። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዋን ገሸሽ አድርጋ ስትመርጥና ስትሰርዝ ነው የከረመችው። አሁን የቀራት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የጓደኞቹ ሊግ ኮድ። ያንን ኮድ በስልኳ ላይ ከጻፈች ከእነሱ ጋር ተቆጠረች ማለት ነው። ኮዱን የሚሰጠው ላቲሶ ነው። ደንቡንም ያወጣው ላቲሶ ነው፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር ያልገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ አይገባም።

ላቲሶ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁን ሲያጥብ አገኘችው።

«ላቲሶ፣ ለከርሞ ብላችሁኝ ነበር፤ ይኸው ከርሞ መጣ። ኮዱን ስጠኝ።»

«ቃሌን አላጥፍም፣ ወይንዬ። ግን ሊጉን አልከፈትኩትም፤ የምከፍተውም አይመስለኝም» አለ ላቲሶ፣ የሚያጥብበትን ጨርቅ እየጨመቀ። «አምና መጨረሻ ላይ ሁሉም ኳሱን በየስልኩ እያየ መገናኘት አቆምን። ከዚያ በጽሑፍ መሰዳደብ መጣ። ሰላም የማይባባሉም አሉ። ዘንድሮ ወይ እንደ ድሮው ታሪኩ ቤት ቁጭ ብለን አብረን እናያለን፣ ወይ ሊግ የለም። ታሪኩ ቴሌቪዥኑን ይክፈት፣ እኔም ሊጉን እከፍታለሁ።»

እንግዲህ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን አይከፍት፣ ላቲሶ ሊጉን አይከፍት፣ ወይንሸት ኮዱን አታገኝ።

ወይንሸት ወደ ታሪኩ ፀጉር ቤት ሄደች። ታሪኩ የአንድ ደንበኛ አገጭ ላይ አረፋ እየቀባ ነበር።

«ታሪኩ፣ እባክህ ቴሌቪዥኑን ክፈት። አንተ ቴሌቪዥኑን ክፈት፣ ላቲሶ ሊጉን ይክፈት፣ እኔም ኮዴን ላግኝ።»

«ምኑን ልክፈተው?» አለ ታሪኩ። «ሰሞኑን የነፈሰው ነፋስ ዲሹን አዙሮታል። ብትከፍቺው ምስል የለም፣ በረዶ ብቻ ነው የምታዪው። ሰው ጠርቼ በረዶ ላሳይ? ዱካሞን ደጋግሜ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ዱካሞ ዲሹን ያዙር፣ እኔም ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ።»

እንግዲህ ዱካሞ ዲሹን አያዞር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን አይከፍት፣ ላቲሶ ሊጉን አይከፍት፣ ወይንሸት ኮዱን አታገኝ።

ዱካሞ ዲሽ ገጣሚ ነው፤ እሱም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ እየላጠ ሳለ ደረሰችበት።

«ዱካሞ፣ ተነስ፣ ዲሹን አዙርልኝ። አንተ ዲሹን አዙር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን ይክፈት፣ ላቲሶ ሊጉን ይክፈት፣ እኔም ኮዴን ላግኝ።»

ዱካሞ ከሸንኮራው ቆርሶ ሰጣት። «በምን ልውጣ? በክንፍ? መሰላሌን ማቴዎስ ዛሬ እመልሳለሁ ብሎ ወሰደው፤ የሱ ዛሬ እስካሁን አልመጣም። ታሪኩ ደግሞ እምቢ አለኝ እያለ ስሜን ያነሳል አሉ። ማቴዎስ መሰላሉን ይመልስ፣ እኔም ዲሹን አዞራለሁ።»

እንግዲህ ማቴዎስ መሰላሉን አይመልስ፣ ዱካሞ ዲሹን አያዞር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን አይከፍት፣ ላቲሶ ሊጉን አይከፍት፣ ወይንሸት ኮዱን አታገኝ።

ማቴዎስ ቀለም ቀቢ ነው። ከጓደኞቹ ሁሉ በዕድሜ ያንሳል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ቀለም ነክቶታል። ወይንሸት ስታገኘው ከጋሽ መርዕድ አሣ ቤት ፊት ለፊት፣ የተቆለፈውን በር እያየ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ማቴ፣ የሰው መሰላል ይመለሳል እንጂ! አንተ መሰላሉን መልስ፣ ዱካሞ ዲሹን ያዙር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን ይክፈት፣ ላቲሶ ሊጉን ይክፈት፣ እኔም ኮዴን ላግኝ።»

«እኔ መች ጠላሁ፣ እታለም?» አለ ማቴዎስ። «መሰላሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቤቱን ቀብቼ ጨረስኩ፣ መሰላሉን ልወስድ ስል ጋሽ መርዕድ ቆለፉበት። ዱካሞ ባየኝ ቁጥር ሌባ እንዳየ ያፈጥብኛል። ጋሽ መርዕድ በሩን ይክፈቱ፣ እኔም መሰላሉን እመልሳለሁ።»

እንግዲህ ጋሽ መርዕድ በሩን አይከፍቱ፣ ማቴዎስ መሰላሉን አይመልስ፣ ዱካሞ ዲሹን አያዞር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን አይከፍት፣ ላቲሶ ሊጉን አይከፍት፣ ወይንሸት ኮዱን አታገኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ወይንሸት ላቧን ጠርጋ ጋሽ መርዕድ ቤት ሄደች። ጋሽ መርዕድ በረንዳቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ፣ ልጄ?»

«ልለምንዎት ነው የመጣሁት። እርስዎ በሩን ይክፈቱ፣ ማቴዎስ መሰላሉን ይመልስ፣ ዱካሞ ዲሹን ያዙር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን ይክፈት፣ ላቲሶ ሊጉን ይክፈት፣ እኔም ኮዴን ላግኝ።»

ጋሽ መርዕድ ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት። ኮዱ አልገባቸውም፤ በሩ ግን ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ መሰላሉ ከወጣ ማቴዎስም አብሮ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ አይገኝም። አምናም በሩን ግማሽ ድረስ ቀብቶ ነው የጠፋብኝ። ታዲያ መጋረጃዬን ማን ይሰቅልልኛል? ቤቱ አምሮ ተቀብቶ፣ መስኮቱ እንደተራቆተ ደንበኛ አላስገባም። መጋረጃው ይምጣና ይሰቀል፣ በሩም ይከፈታል።»

«መጋረጃው የት ነው?»

«ሰፊ ጋ ነዋ። ባለቤቴ ናት የወሰደችው። ሰፊዋ ነገ ነገ እያለች አጉላላቻት።»

«ጨርቁ ምን ዓይነት ነው፣ ጋሼ?»

«ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ ወፎች ያሉበት። ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ያለች ሰፊ ናት አሉ። ታውቂያታለሽ?»

ወይንሸት ጥቅሉን አስታወሰች። ሳምንቱን ሙሉ አጥቂ ስትመርጥ ክርኗን ያሳረፈችበት፣ ተከላካይ ስትመርጥ ጀርባዋን የደገፈችበት፣ ዛሬ ጠዋትም ተደግፋ የተነሳችበት ጥቅል ሰማያዊ ነው። ነጫጭ ወፎችም አሉበት።

እንግዲህ ወይንሸት መጋረጃውን አትሰፋ፣ ጋሽ መርዕድ በሩን አይከፍቱ፣ ማቴዎስ መሰላሉን አይመልስ፣ ዱካሞ ዲሹን አያዞር፣ ታሪኩ ቴሌቪዥኑን አይከፍት፣ ላቲሶ ሊጉን አይከፍት፣ ወይንሸት ኮዱን አታገኝ።

ሁሉም የሚያመካኝበት ሰው ነበረው። እሷም ለአፍታ ፈለገች። ሰማያዊ ክር አልቆብኛል ልትል አሰበች፤ ክር ሻጩ ሱቁን ዘግቷል ልትል አሰበች። ክሩ ግን መሳቢያዋ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ሰፊዋ እኔ ነኝ» አለች። «ጥፋቱም የኔ ነው፤ እትዬን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። መጋረጃዎ ነገ ረፋድ ላይ ይደርሳል።»

ጋሽ መርዕድ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ነገ ስትዪ የምር ነገ ነው፣ ወይስ ያ ያለፈው ነገ?»

«የምር ነገ ነው።»

ወይንሸት ሱቋ ገባች፣ ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ዓርብን እስኪመሽ ሰፋች፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቀጠለች። ጠርዙን ቀመቀመች፣ ቀለበቱን አስገባች፣ ወፎቹ ተዘቅዝቀው እንዳይበሩ እያየች ገጣጠመች። ከግድግዳው ማዶ የታሪኩ ፀጉር ቤት ጸጥ ብሏል። በሌላ ዓመት ቢሆን በዚህ ሰዓት ወንበር ይጎተት፣ ሰው ይጯጯህ ነበር። ያ ዝምታ እግሯን አፈጠነው። ረፋዱ ላይ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች፣ መጋረጃውን ተሸክማ ሮጠች።

ጋሽ መርዕድ ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ጨርቁን ገልጠው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሰው ያስጠበቀ ስፌት ቢሆንም ስፌት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ጋሽ መርዕድ በሩን ከፈቱ፣ ማቴዎስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ መጋረጃውን ሰቀለ፣ ሰቅሎ ወረደ፣ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ዱካሞ በረረ። ዱካሞ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ማቴዎስ «ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ተቆልፎብኝ ነው» አለው፤ ዱካሞም የከፈተውን አፍ በፈገግታ ዘጋው። መሰላሉን ተቀበለ፣ የታሪኩን ጣሪያ ወጣ፣ ዲሹን ያዘ።

«ትንሽ ወደ ግራ» ይላል ታሪኩ ከታች።

«የማን ግራ? የኔ ወይስ ያንተ?»

«የዲሹ። አለፈህ፣ መልሰው። ያዝ፣ ያዝ፣ እንዳትነካው!»

በረዶው ጠፋ። አረንጓዴ ሜዳ ብቅ አለ። ተጫዋቾች ሊያሟሙቁ እየወጡ ነው።

አሁን የቀረው ላቲሶ ነው። ላቲሶ ደግሞ የለም። ወይንሸት ደወለች።

«ላቲሶ፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ በሩ ተከፍቷል፣ መሰላሉ ተመልሷል፣ ዲሹ ዞሯል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«ሰው ጭኜ እየሄድኩ ነው» አለ ላቲሶ። ቢሆንም ባጃጁን ዳር አስይዞ ቆመ። ከኋላ ሁለት ዶሮ ያቀፉ እናት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ለምን ቆምክ?» ሲሉት በስልኩ ይሰማል።

«አንዲት ልጅ ኮድ ትፈልጋለች፣ እማማ።»

«ኮድ ምንድን ነው?»

«መግቢያ ነው።»

«ታዲያ አስገባታ።»

ላቲሶ ሊጉን ከፈተ። ኮዱን ላከ። ወይንሸት አንድ በአንድ ጻፈችው። ስሟ ከስማቸው ጋር ተደርድሮ ወጣ። ዳኛው ፊሽካውን ገና አልነፋም ነበር።

ሁሉም ታሪኩ ቤት ተሰበሰቡ። ላቲሶ ባጃጁን አቁሞ ላቡን እየጠረገ ደረሰ። ጋሽ መርዕድም እነታሪኩ ነገሩን አስረድተዋቸው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ኮድ ተቀብለዋል፤ ተጫዋቾቹን የመረጡት በቁመታቸው ነው። ወይንሸት ወንበሯን ከሱቋ አምጥታ መሀላቸው ተቀመጠች።

ዱካሞ ስልኳን አጮልቆ አየ። «ካፒቴንሽ ተከላካይ ነው? ያውም ዘንድሮ ካደገ ክለብ?»

«ቅጣት ምት የሚመታው እሱ ነው» አለች ወይንሸት። የካፒቴን ነጥብ እጥፍ ነው፤ ሰው ሁሉ ካፒቴን የሚያደርገው ታዋቂ አጥቂ ነው። ቤቱ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ካፒቴኗን ግን አልቀየረችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ተከላካይ ኳሷን አስተካክሎ አስቀመጣት፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ መጣ፣ መታ። ኳሷ ከተጫዋቾቹ ግድግዳ በላይ አልፋ የጎሉ ጥግ ላይ ተሰካች። ወይንሸት ወንበሯን ገልብጣ ተነሳች። ማቴዎስ አቀፋት፣ ታሪኩ ማበጠሪያውን ጣለ፣ ዱካሞ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በዚያ ላይ በቡድኑ ላይ ጎል ሳይገባ ጨዋታው አለቀ፤ ለተከላካይ ይኼም ነጥብ ነው፣ ይኼም ለእሷ እጥፍ ነው።

ላቲሶ ስልኩን ይዞ ወንበር ላይ ወጣ፣ ደረጃውን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረ። መጨረሻ ራሱ ላቲሶ ነው፤ ይህን ቶሎ ብሎ አለፈው። ከዚያ ማቴዎስ፣ ከዚያ ታሪኩ። ከዚያ ዱካሞ። ሁለተኛ ጋሽ መርዕድ ሲባል ቤቱ ተደበላለቀ፤ ጋሽ መርዕድ ኮፍያቸውን አንስተው እጅ ነሱ።

«አንደኛ» አለ ላቲሶ፣ «ወይንሸት።»

ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እስቲ ድገመው» አለችው።

ላቲሶ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ደገመው።