ክንፉ ላይ የተቀባው የጸበል ጭቃ

አንድ ሰው ነበረ፤ አውሮፕላን የሚወለውል። መንበሩ ይባላል። ሥራው ምንድን ነው? ከበረራ በፊት የክንፉን ፊት በለስላሳ ጨርቅ መወልወል። ሌላ የለበትም።

ትንሽ ሥራ መሰለቻችሁ? እሱ በሚሠራበት ቦታ ኢንጂነር ትርሲት የምትባል ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ክንፍ ስታለሰልስ ኖራለች። አየሩ ሳይታወክ እንዲያልፍ ነው ድካሟ። የታወከ አየር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሞተሩም ነዳጅ ይፈጃል። ክንፉ ፊት ላይ የደረቁ ትንኞች ይበቃሉ አየሩን ለማወክ። ትንኝ እኮ ናት!

የመጨረሻው ሙከራ ቀን ደረሰ። ክንፉ ነዳጅ ካልቀነሰ የትርሲት ሥራ ይዘጋል ተብሏል። መንበሩ ትርሲትን እንደ ልጁ ነው የሚወዳት። ታዲያ ምን አደረገ? ማለዳ ጸበል ሄዶ አረፈደ። ጨርቁን አላነሣም። በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣውን የጸበል ጭቃ በጣቱ እየጠቀሰ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባው። «አደራህን፣ አታሳፍራት» እያለ፣ እንባው እየወረደ።

አውሮፕላኑ በረረ፣ ተመለሰ። ነዳጁ ተለካ። ተራው ክንፍ ከሚፈጀው ጠብታ አልቀነሰም! ሙከራውን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የሥራውን መዝጊያ ወረቀት ፈርመው ሄዱ።

ትርሲት ክንፉን በመዳፏ ዳሰሰችው። ሻከራት።

«ጋሽ መንበሩ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ጸበል ነው ልጄ! እንዲቀናሽ ብዬ…»

«አልወለወሉትም እንዴ?»

ያኔ ገባው። «ምነው እጄን በሰበረው!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እኔ ይህን ስሰማ ክው ነው ያልኩት፣ ምእመናን! ጸበሉ ነው ያጠፋው? ሎቱ ስብሐት! ጸበሉ ለገዛ ግንባሩ ነበር። ለክንፉ የታዘዘው መወልወል ነው። የታዘዘውን ትቶ ያልታዘዘውን አደረገ፤ ያውም በፍቅር። የሚያስደነግጠኝ ይሄ «በፍቅር» የሚሉት ነገር ነው።

እናንተስ? አንተ ሹፌሩ፣ መስታወትህ ላይ ሥዕል ለጥፈህ፣ ፍሬኑን ሳታስፈትሽ ስንት ነፍስ ጫንክ? «እሱ ይጠብቀናል» እያልክ!

ምን እናንተን እላለሁ፣ እኔው አለሁበት። ወንድሜ ታሞ ደወለልኝ። «እጸልይልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጸለይኩም፤ አልዋሸሁም። ወንድሜ ግን ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ ዋለ።

«እንጸልይልሃለን» ያላችሁት ሰው አለ? ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ አትግቡ። መጀመሪያ እሱ ቤት ሂዱ።