ለትርሲት ጭፈራ የቆሙት ሽማግሌ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ጅብና አህያ የማይገቡበት፣ ላም በረት የሌለበት ተረት ላውጋችሁ። የኔ ተረት በሬው ሚኒባስ፣ ቀንበሩም ሽቦ ነው።

ቡሬ ከተማ ውስጥ ማንደፍሮ የሚባል ሹፌር ነበር። ትርሲት የምትባል አንዲት እህት አለችው። ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ የምታወራው በእጇ ነው። ጭፈራ ግን ነፍሷ ነው። ማንደፍሮ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሥር አንድ ትልቅ ስፒከር አስገብቷል። እሷ የኋላውን በር ትከፍትና ሳንቃ ከስፒከሩ ጋር አስደግፋ ታነጥፋለች፤ ጫማዋን አውልቃ ትቆምበታለች። ከካሴቱ ከበሮው ሲመታ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል፤ ትርሲትም በእግሯ እየሰማች ትጨፍራለች። አንዲት ምት አትስትም። ሰው አፉን ይዞ ያያታል። ማንደፍሮ ራሱ፣ ስንት ዘመን ያያት ሰውዬ፣ ዛሬም ባየ ቁጥር ሰውነቱን ይወርረዋል።

ዛሬ ሠርጓ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ይዟት ወደ ጎሬ ይሄዳል፤ አገሩ ሩቅ ነው። የፈለገችው ነገር አንድ ብቻ ነው። ወርቅ አላለች፣ ካባ አላለች። ከወንድሟ ግቢ ሳትወጣ ከሰው እኩል ልትጨፍር ነው የፈለገችው። ይኼ ካልሆነማ እናንተ ስታጨበጭቡ እንደ ምሰሶ ተገትሬ አልታይም፤ ከጓዳ አልወጣም ብላለች በእጇ።

ማንደፍሮ ቴፑን ከፈተ። በሮቹ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ስፒከሮች ይዘፍናሉ። ትልቁ ስፒከር ጭጭ። ሳንቃው ጭጭ። ትርሲት ባዶ እግሯን ሳንቃው ላይ አሳርፋ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ወደ ጓዳ ገባች። ማንደፍሮን ላብ አጠመቀው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ተጠሩ። እሳቸው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ በዚያ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ትርሲትን ለሙሽራው ለምነው ያሰጡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መኪናም ሲጠግኑ እንደ ሽምግልና ነው። ከአንዱ ደጅ ወደ አንዱ ደጅ ይሄዳሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ይለምናሉ፣ እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም።

መጀመሪያ ስፒከሩ ደጅ ሄዱ። "አያ ስፒከር፣ ሳንቃውን ምታ፤ ትርሲት ትጨፍር" አሉት። ስፒከሩም አልመታም አለ፤ አምፕሊፋየሩ ሳይገፋኝ ምን ጉልበት አለኝ አለ። ጋሽ ቢያድግልኝ በአፍ ብቻ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። የባትሪ ድንጋይ አውጥተው ሽቦውን ነካ ቢያደርጉበት ስፒከሩ ጧ ብሎ ዘለለ። ጤነኛ ነው፤ እውነቱን ነው።

ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዱ። አምፕሊፋየር ማለት የቴፑን ቀጭን ድምፅ ተቀብሎ አደልቦ የሚያወጣ ሳጥን ነው። ቀይ መብራቱን አብርቶ ተኮሳትሯል። "አያ አምፕሊፋየር፣ ስፒከሩን ግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።" አልገፋም አለ። ቀይ ሽቦ በወጉ ሳያበላኝ በባዶ ሆዴ ማንን እገፋለሁ አለ።

ወደ ቀይ ሽቦ ሄዱ። "አያ ቀይ ሽቦ፣ አምፕሊፋየሩን አብላ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።" ቀይ ሽቦም አላበላም አለ። ከባትሪው ያመጣሁትን ተሸክሜ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ፤ ፊውዜም አልተቃጠለም፤ ግን የገባው መውጫ ከሌለው እንዴት ይገባል? መውጫው በጥቁር ሽቦ በኩል ነው አለ። በቴስተር ለኩት። እውነት ነው፣ የጎደለበት ነገር የለም።

ወደ ጥቁር ሽቦ ሄዱ። "አያ ጥቁር ሽቦ፣ መንገድ ክፈት፤ ቀይ ሽቦ አምፕሊፋየሩን ያብላ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።" ጥቁር ሽቦም አልከፍትም አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱኝ፣ አልተበጠስኩም፤ ከመኪናው ወለል ጋር ያሰረኝ ብሎን ነው፤ እሱ ብረቱን ካልነከሰ እኔ በምን ወደ ባትሪው እመለሳለሁ አለ።

ወደ ብሎኑ ሄዱ፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። "አያ ብሎን፣ ብረቱን ንከስ፤ ጥቁር ሽቦ መንገድ ይክፈት፤ ቀይ ሽቦ አምፕሊፋየሩን ያብላ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።" ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ ንቅንቅ አይልም። ቢሆንም አልነክስም አለ። ከሥሬ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀለም ተነጥፏል፤ ቀለም ነክሼ ብረት ነከስኩ አልልም አለ። በካቻቢቴ ቢፈቱት እውነትም ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም።

እዚህ ላይ ማንደፍሮን ትንሽ ልማው። ለሠርጉ ብሎ መኪናውን ነጭ ቀለም አስቀባ። ደግ አደረገ። ግን የውጩ መች በቃው? ከወንበር ሥር፣ ከምንጣፍ ሥር፣ ዝንብ እንኳ የማታየውን ወለል አስቀባ። እህቴ በማይታይ ቦታ እንኳ ከእድፍ ላይ አትቀመጥም አለ። ብሎኑን አስፈትቶ የቀዳዳውን ዙሪያ ሳይቀር አስቀባና መልሶ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ ውስጥ በጫማው የገባ የለም። እንግዲህ የበደለው ፍቅሩ ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።

"አያ ቀለም፣ ተላጥ፤ ብሎኑ ብረቱን ይንከስ፤ ጥቁር ሽቦ መንገድ ይክፈት፤ ቀይ ሽቦ አምፕሊፋየሩን ያብላ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።" ቀለሙም አልላጥም አለ። የቀባኝ ማንደፍሮ ነው፤ ማንደፍሮ ሳይፈቅድ ማን ይነካኛል አለ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ማንደፍሮ ፊት ቆሙ። "ልጄ ማንደፍሮ፣ ፍቀድ፤ ቀለሙ ይላጥ፤ ብሎኑ ብረቱን ይንከስ፤ ጥቁር ሽቦ መንገድ ይክፈት፤ ቀይ ሽቦ አምፕሊፋየሩን ያብላ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይግፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን ይምታ፤ ትርሲት ትጨፍር።"

ማንደፍሮ አይሆንም አለ። የሙሽራ መኪና በሠርጉ ዕለት ሲፋቅ ገዱ አያምርም፤ ዛሬ የተላጠው ነገ ይዝጋል፤ ከፈለጋችሁ በሁለት እጁ የሚደልቅ ከበሮ መቺ ላምጣ እንጂ ቀለሙስ አይነካም አለ። በርጩማ አቀረበላቸው። ጋሽ ቢያድግልኝ በርጩማውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም" አሉት።

እሳቸው ቆመው፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ትርሲት ከጓዳ ወጣች። ለካ በመስኮት ሁሉን ስታይ ኖራለች። መጀመሪያ መዳፏን ነጩ ቀለም ላይ አሳረፈች፣ ዳበሰችው፣ ለወንድሟም ፈገግ አለችለት። ቀጥላ በእጇ እንዲህ አለችው፦

"ቀለሙ ለሚያየኝ ሰው ነው። ምቱ ለእኔ ነው።"

ማንደፍሮም ብርጭቆ ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለና ራሱ ተንበረከከ።

ማንደፍሮ ፋቀ፤ ቀለሙ ተላጠ፤ ብሎኑ ብረቱን ነከሰ፤ ጥቁር ሽቦ መንገድ ከፈተ፤ ቀይ ሽቦ አምፕሊፋየሩን አበላ፤ ቀዩ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው በራ፤ አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ገፋ፤ ስፒከሩ ሳንቃውን መታ፤ ትርሲትም ጨፈረች። ጋሽ ቢያድግልኝም ተቀመጡ።

ግቢው ሁሉ ማጨብጨቡን ረስቶ ያያት ጀመር። ማንደፍሮ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባው። ይህን ሁሉ ዘመን ከፊቷ ቆሞ ሲያያት ኖረ እንጂ አንድ ቀን እሷ የቆመችበት ቆሞ አያውቅም። ጫማውን አወለቀ። ሳንቃው ላይ ወጥቶ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ።

ምቱ በተረከዙ ገባ፣ በጉልበቱ ወጣ፣ ደረቱን ሞላው። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እህቱን አያት።

"ዓይንህንም ጨፍን" አለችው በእጇ።

ጨፈነ። ከጨለማው ውስጥ ሁለት ምት መጣለት፤ አንዱ የከበሮው፣ አንዱ የእህቱ እግር። የትኛው ከበሮው፣ የትኛው ትርሲት እንደሆነ መለየት አቃተውና ቆሞ አለቀሰ።

እኔም እዚህ አበቃሁ። ተረቴን መልሱ፤ ጆሮ ያላችሁ በጆሯችሁ፣ የሌላችሁ በእግራችሁ።