አዳራሽ ጠባቂው ጓንጉልና የተበላው ምሰሶ

ተረት ተረት!

— የሳቅ መሠረት!

አልሰማሁም። ራቱን የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው? እንደገና። ተረት ተረት!

— የሳቅ መሠረት!

እሰየው። በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ። አንቺ፣ ወንድምሽን መቆንጠጥሽን ተይና ስሚ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ወይና ደጋ አገር፣ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ጓንጉል የአገሩ ገዥ የግራዝማች ወንዳፍራሽ አዳራሽ ጠባቂ ነበር። ሥራውን ያውቃል። ክዳኑ የት ጋ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ማገር እንደላላ፣ የትኛው በር ሲጢጥ እንደሚል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እጁስ እሰይ እጁ ይባረክ ያሰኛል። አፉ ግን፣ የአፉን ነገር ተዉት።

ጓንጉል አንድ ነገር ሲናገር ከሥሩ ካልጀመረ አይሆንለትም። ጎረቤት መጥቶ፦ «ዶሮህ ገብሴን በላችብኝ» ቢለው፣ ዶሮዋን ማን እንደሸጠለት፣ ሻጩ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ያ ዘመድ በየትኛው ክረምት ወንዝ እንደወሰደው አንድ በአንድ ይነግረዋል። ጎረቤትም ይደክመውና ገብሱን ትቶ ይሄዳል። ጓንጉል እንዲህ እያለ የመንደሩን ጠብ ሁሉ አብርዷል። አስቦበት ግን አይደለም።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። የግራዝማች ጠጅ ጣይ ናት። እሷ ደግሞ ብዙ አታወራም። ከምትናገረው የምትጠይቀው ይበዛል።

ታዲያ አንድ ቀን ጓንጉል የአዳራሹን ወለል ሲጠርግ የመሀሉን ምሰሶ በመጥረጊያው እጀታ ነካ አደረገው። ምሰሶው ኳ ማለት ሲገባው ቡፍ አለ። ጓንጉል ደነገጠና ሥሩን ጫር ጫር አደረገው። ምስጥ ፈሰሰ። ላዩ ዝግባ ነው፣ ውስጡ አፈር ሆኗል። ከዚያም ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ያ ሁሉ ወራጅ፣ ያ ሁሉ ሣር በዚህ በአንድ የተበላ እንጨት ላይ ነው ያለው። መጥረጊያውን ጣለ።

ለምን አትሉም? የግራዝማች ሴት ልጅ ሰርግ ደርሷላ! አገር ተጠርቷል። ሰርጉ የሚበላው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ሚዜው፣ ሽማግሌው፣ ልጅ አዝላ የመጣችው፣ ሁሉም ከዚያ ጣራ ሥር ሊቀመጥ ነው። ጠጁን ይዛ በመሀላቸው የምትመላለሰው ደግሞ የገዛ ሚስቱ አንጓች ናት።

ጓንጉልም፦ «ዛሬውኑ ለጌታዬ እነግራለሁ» አለ።

ግራዝማች ወንዳፍራሽ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ልንገራችሁ። ክፉ አልነበሩም። ግን መጥፎ ወሬ አይወዱም። በግቢያቸው ክፉ ነገር አስቀድሞ ያነሳ ሰው ሟርተኛ ይባልና ውሻ ይለቀቅበታል። የሚወዱት ነገር ቢኖር፣ ሌላው ሰው ያላወቀውን እሳቸው ማወቅ ነው። በቅሎ ሲታመም መድኃኒቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ወጥ ሲቀምሱም፦ «ኮረሪማ ጎድሎታል» ይላሉ። ኮረሪማው ባይጎድልም ይጨመራል። ምን ይደረጋል፣ ጌታ ናቸው።

ጓንጉል ገባና እጅ ነሣ። ከዚያም፦ «ጌታዬ፣ የመሀሉን ምሰሶ ነገር ላመለክት ነው የመጣሁት። ይህ ምሰሶ የተቆረጠው በአባትዎ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ ነው። የቆረጠው አንካሳው ደምለው ነው። ያኔ ግን ገና አላነከሰም ነበር። እንዴት እንዳነከሰ ልንገርዎትና...» አለ።

ነገራቸውም። ምሰሶውን የጎተቱትን በሬዎች በየስማቸው ጠራ። ከበሬዎቹ አንደኛው በምን እንደሞተ አስረዳ። የበሬው ባለቤት እንዴት ሌላ ሚስት እንዳገባ ሊጀምር ሲል ቀና ቢል፣ ግራዝማች አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ። አጋፋሪው በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣና፦ «ውጣ። ደግሞ እግዜር ይስጥህ፣ እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ሰንብቶ ነበር» አለው።

ቤቱ ሲገባ አንጓች፦ «ነገርካቸው?» አለችው።

«ነገርኳቸው።»

«ምስጥ የሚለውን የት ላይ አደረግከው?»

«እሱ ጋ ገና አልደረስኩም።»

«ታዲያ ከእሱ ብትጀምርስ?»

ጓንጉልም አሰበበትና፦ «እውነቴን ነው፣ ነገር አስረዝማለሁ» አለ። በማግስቱ ሄደና እጅ መንሣቱንም ረስቶ፦ «ጌታዬ፣ በሰርጉ ቀን ቤቱ በልጅዎ ላይ ይወድቃል!» አለ። አለቀ። ሌላ ቃል የለም። ከሱ አፍ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ግራዝማችም ብድግ አሉና፦ «ሟርተኛ! በልጄ ሰርግ! ውሻውን ፍቱት!» አሉ።

ሩጫውን አልነግራችሁም። ጓንጉል ቤቱ የደረሰው በቁምጣው ግማሽ ነው። ግማሹን ውሻው አስቀርቶታል።

ከዚያም ጓንጉል ተናደደ። «ነገሩ እውነት ነው። የጎደለኝ አነጋገር ነው። መናገር መማር አለብኝ» አለና ማር በማድጋ ይዞ ወደ አያ ቢተው ሄደ። አያ ቢተው ያረጁ ነገረ ፈጅ ናቸው። ለሰው እየተሟገቱ፣ ከዋርካው ሥር ችሎት ዳኛ ሲያስደነግጡ የኖሩ ናቸው። ማሩን በጣታቸው ቀመሱና፦ «ልጄ፣ ሰው ቃልህን የሚሰማው መጀመሪያ አቋቋምህን ሲያይ ነው። ጋቢህን ወገብህ ላይ አሸርጥ። መሬቱን በእግርህ ደብድብ። ዱላህን ቀስር፣ ዓይንህን አታርገብግብ፣ ድምፅህ ከጓዳ ይሰማ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በበቅሎ ተወራረድ» አሉት። ያን ጊዜ ተሟጋች ቃሉን ለማጽናት «በቅሎ እሰጥ» እያለ ይወራረድ ነበር።

ጓንጉልም ጓሮው ገብቶ ይለማመድ ጀመር። መሬት እየደበደበ ሲጮህ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ሄዱ። ጎረቤቱም አጮልቆ አየውና በችኮላ ጠበል ይዞለት መጣ። ጓንጉል ጠበሉን ጠጣና ልምምዱን ቀጠለ።

ልምምዱ ሲበቃው ወደ ግራዝማች ግቢ ሄደ። አዳራሹ በሽማግሌ ተሞልቷል። የሰርጉን ነገር ይመካከራሉ። ጓንጉል ጋቢውን አሸረጠና ገብቶ መሬቱን ደብድቦ፦ «በሕግ አምላክ!» አለ።

በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ይነቃነቃል? ሁሉም ባለበት ደረቀ። ጠጅ የሚቀዳው እጁን ሳያነሳ ቀረና ጠጁ ከብርሌው አልፎ በአንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌውም በሕግ አምላክ ተብሏልና አልተነሱም። ጓንጉል ዱላውን ወደ ግራዝማች ቀሰረ። ዓይናቸውን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያም፦ «ስለዚህ ምሰሶ በቅሎ እሰጥ!» ብሎ ጮኸ።

ግራዝማችም፦ «አንተ! እኔን ነው የምትከሰው?» አሉ።

ጓንጉል ደነገጠ። አያ ቢተው ያስተማሩት ባላጋራን መርታት ነው፤ ጌታን መምከር አይደለም። ይህ ገና አሁን ገባው። «ኧረ እኔ... ጌታዬ... ኧረ እኔስ...» አለ።

«በል ያስያዝከውን በቅሎ አምጣ።»

«በቅሎ የለኝም ጌታዬ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓንጉል ሳቁን ትቶ ጣራውን ያይ ነበር። ግራዝማችም ሳቁ፤ ጓንጉልን ከቅጣት ያተረፈው ይኸው ሳቃቸው ነው። ሲበቃቸው ግን ፊታቸውን አኮሳትረው፦ «ከእንግዲህ ምሰሶ የሚል ቃል ከአፍህ ብሰማ ከሥራህም ከአገሬም ትወጣለህ። ሂድ» አሉት።

ጓንጉል ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣ፣ አላፈረበትም። አንጓችንም፦ «አንቺ በሰርጉ ቀን ታምሜያለሁ ብለሽ ቅሪ። እለምንሻለሁ» አላት።

አንጓችም፦ «እሺ፣ እኔ ልቅር። ሙሽሪትስ? ያችን ልጅ እናቷ ስትሞት ጡቴን ያጠባኋት እኔ አይደለሁም?» አለች። እሷም አለቀሰች። ሁለቱም እንዲህ ሆነው ተቀመጡ።

ቆይታ ቆይታ አንጓች ፊቷን ጠረገችና፦ «ለመሆኑ ግራዝማች የሚወዱት መስማት ነው ማወቅ?» አለችው።

«ማወቅ ነዋ። መስማትማ የት ያውቁበታል!»

«ጠጅ ላደርስ ስገባ ዶሮዎቻቸው አዳራሹ መሀል ሰፍረው ሲለቅሙ አየሁ። ምን ይሆን የሚለቅሙት?»

«ምስጥ ነዋ አንቺ ሞኝ!»

«ግራዝማች ይህን ያውቁ ይሆን?»

ጓንጉል አፉን ሊከፍት ሲል ተወው። ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያም ከመደቡ ዘሎ ተነሣና፦ «አገኘሁት! አንጓች፣ መላውን አገኘሁት!» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ግራዝማች ደጅ ቆመው በቅሎ ሲያስጭኑ ጓንጉል ራቅ ብሎ እጅ ነሣ። ግራዝማችም፦ «ስለዚያ ነገር እንዳታነሳ!» አሉት።

«አላነሳም ጌታዬ። አንድ ነገር ቸግሮኝ ልጠይቅዎ ነው። ዶሮዎችዎ ጥሬ ሲበተንላቸው ጥለው አዳራሽ ይገባሉ። ለምን እንደሆነ ባስብ ባስብ አልገባኝም።»

ዶሮዎቹን ማን እንዳመጣቸው ሊናገር ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። ያመጣቸው ሰውዬ ታሪክ ደግሞ እንዴት ያለ ታሪክ መሰላችሁ! ጓንጉል ግን ጥርሱን ነከሰና ዋጠው። በዕድሜው እንደዚያ የከበደው ሥራ የለም።

ግራዝማችም፦ «አልገባህም? አንተ ምን ሊገባህ! ወዲህ ና» አሉና አዳራሽ ገቡ። ዶሮዎቹ እውነትም መሀል ላይ ሆነው ይለቅማሉ። ግራዝማች ጎንበስ አሉ። «እህ። የሚበላ ነገር አለ» አሉ።

«እንዴ!» አለ ጓንጉል።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው። ከየት ይወጣል? ከዚህ ይወጣል» አሉና ከዘራቸውን ምሰሶው ሥር ሰደድ ቢያደርጉት ከዘራው ስምጥ ብሎ ገባ። ግራዝማችም ደስ ብሏቸው፦ «ምስጥ! ምስጥ ነው! አላልኩህም?» ብለው ጮኹ። ከዚያም ቀስ ብለው ወደ ጣራው ቀና አሉ። ፊታቸው አመድ ሆነ። «ልጄን» አሉ። ከዘራውን እዚያው ትተው ወደ በሩ አፈገፈጉ። አንጀት ይበላሉ፣ እውነቴን ነው።

ሲወጡ ግን ድምፃቸው ተመልሷል። «ማንም እዚህ እንዳይገባ! ለሰርጉ ዳስ ይጣል!» ብለው አዘዙ። አጋፋሪውም፦ «ዳስማ አዳራሽ የሌለው ሰው ነው የሚጥለው ብለው ነበር እኮ» ቢላቸው፣ «ማን? እኔ? ዳስ የመሰለ ነገር የት አለ!» አሉት።

ሰርጉም ደረሰ። ሰው በዳሱ ሞላ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ከበሮው ሲግል፣ ጎረምሳው መሬት ሲደልቅ፣ ከግቢው ማዶ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያም ያ ባዶ አዳራሽ ግርርር ብሎ ተቀመጠ። አቧራው ዳሱን ሸፈነው። አቧራው ሲበን ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልጎደለም። እልልታው ቀለጠ!

ግራዝማችም በመሀል ቆመው፦ «ዓይኔ አየው! ማንም ሳይነግረኝ በዶሮ ለቀማ ደረስኩበት!» አሉ። ሰው ሁሉ እጅ ነሣቸው። ከዚያም ዞር ሲሉ ጓንጉልን አዩት። «አንተ! አዳራሽ ጠባቂ ነህ አይደለም? እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሳትነግረኝ ቀረህ?» አሉት።

የጓንጉል የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉን ከፈተ። ሊዘረግፈው ነው፣ ከአንካሳው ደምለው እስከ ውሻው። አንጓች ብርሌ ይዛ ከጎኑ ቆማለች። በቀስታ፦ «ሙሽሪትን አየሃት?» አለችው። ዞር ብሎ አየ። ሙሽሪት አቧራ ለብሳ፣ ከሙሽራው ትከሻ ላይ አቧራ እያራገፈች ትስቃለች። የጓንጉል ልቡ ሟሟ። ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። መናገር አላውቅበትም» አለ።

ግራዝማችም፦ «እሱንማ አይቼዋለሁ። ግድ የለም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ና። ሰውን በአነጋገር እንዴት እንደሚያሳምኑ እኔው አስተምርሃለሁ» አሉት።

ከሰርግ ሲመለሱ ጓንጉል በመንገዱ ሁሉ ይስቃል። «አንጓች፣ ጉዳቸውን አየሽ? ግራዝማችኮ ሐሳቡ ከራሳቸው የወጣ ነው የሚመስላቸው! ከኔ እንደወጣ ጨርሶ አያውቁም!» አላት።

አንጓችም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና፦ «ጨርሶ?» አለች።

«ጨርሶ!»

«አይ የሰው ነገር» አለች አንጓች።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ተረቴን መልሱ፣ ለኔም እሸት ጥበሱ! ስትጠብሱም ያረረውን ለራሳችሁ፣ ለስላሳውን ጥርስ ለሌላት ለኔ።