ከበሩ አልለቅም ያለው ወረቀት

በይ ማህደር፣ እኔ ልናገር አንቺ ጻፊ፤ ከፈጠንኩብሽ ቀሚሴን ጎተት አድርጊኝ።

ያኔ ደሴ ደሴ ነበረች። ነሐሴ ሲሆን ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በድምፅ ነው። አባቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ ግንበኛ ነበር። የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ የራሱን የሣር ክዳን ላንሳ ብሎ ከባሻ ውብነህ ቆርቆሮ በዱቤ ወሰደ። ቤቱንም አስያዘ። ክረምቱ ጠና፣ ግንባታ ቆመ፣ ቀኑ አለፈ። ባሻ ከሰሱ። ዳኛው በራችን ላይ የእግድ ወረቀት አስለጠፈ፦ ሰኞ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል! አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወረቀት ከበሩ እንዲነሳ። ቀድጄ ልጣለው ብትል ያሳስራል። ዝናብ ቀጠቀጠው፣ ነፋስ ጎተተው፣ የጎረቤት ፍየል ጫፉን ላሰችው። ወረቀቱ አልለቅም አለ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ እኔን በእጇ ይዛ ወደ ባሻ ሱቅ ወረደች።

«ባሻ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ወረቀቱን ያንሱልኝ። ጥቅምት ሲገባ ባሌ ሥራ ይጀምራል፤ እስከ ገና ጨርሶ ይከፍላል።»

«አላነሳም! እኔንስ ማን ይታገሠኛል ይርገዱ? ቆርቆሮዬን የጫነው መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሟል። ቀብድ የሰጠኝ ሰው ሁሉ ሱቄን ከቦ ይጮህብኛል። ጭነቴ ይግባልኝ፣ ያኔ እኔም እስከ ገና እታገሣለሁ።»

ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ባሻ አላነሳም አሉ። እኛ ወደ ሐረጎ።

ሾፌሩ እንድሪስ ጋቢና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያንጎራጉራል።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ንዳው እንጂ! መኪናው ካልሄደ ባሻ አያነሱም፤ ባሻ ካላነሱ ወረቀቱ አይለቅም።»

«አልነዳም! እህቴ፣ እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ በሬ አይደለሁም። ባሌስትራው፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሯል። ብረት ሠሪው ጋሽ ሞላ ካልቀጠሉልኝ መኪናውን ልዘለው?»

ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ባሻ አላነሳም አሉ፣ እንድሪስ አልነዳም አለ። ተመልሰን ወደ ጋሽ ሞላ። ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እናቴ ዞራም አላየችው።

«ጋሽ ሞላ፣ ይቀጥቅጡት እንጂ! ባሌስትራው ካልተቀጠለ መኪናው አይሄድም፤ መኪናው ካልሄደ ባሻ አያነሱም፤ ባሻ ካላነሱ ወረቀቱ አይለቅም።»

«አልቀጠቅጥም! በምን እሳት? በትንፋሼ?» አሉና ወናፋቸውን አሳዩን። ድመት ተኝታበታለች። «ከሰል የለም። ሙሄ ከሰል ካመጣልኝ ሳምንት አለፈው።»

ሙሄ ደግሞ ያለው ከቦርከና ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። በማግስቱ አርብ፣ እናቴ ወዲህ ማዶ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። ወይ የእናቴ ድምፅ! ዛሬ በስልክ እንኳ እንደዚያ ጠርቶ የሚሰማ ሰው አላገኘሁም።

«ሙ—ሄ! ከሰሉን አምጣው! ከሰል ካልመጣ ጋሽ ሞላ አይቀጠቅጡም! ባሌስትራው ካልተቀጠለ መኪናው አይሄድም! መኪናው ካልሄደ ባሻ አያነሱም! ባሻ ካላነሱ ወረቀቱ አይለቅም!»

«አላመጣም!» አለ ሙሄ ከማዶ። «ድልድዩ የሚያወጣው በእማማ ደብሪቱ ጓሮ ነው! በሩን በእሾህ ዘግተውታል! አህዮቼ ክንፍ አላወጡም!»

በይ ቁጠሪ እንግዲህ። ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ባሻ አላነሳም አሉ፣ እንድሪስ አልነዳም አለ፣ ጋሽ ሞላ አልቀጠቅጥም አሉ፣ ሙሄ አላመጣም አለ። እና እኔ አንድ ጫማ አድርጌ እማማ ደብሪቱ ደጅ።

እማማ ደብሪቱ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ በሩን ይክፈቱልን! እርስዎ ካልከፈቱ ሙሄ አያመጣም፤ ሙሄ ካላመጣ ጋሽ ሞላ አይቀጠቅጡም፤ ጋሽ ሞላ ካልቀጠቀጡ እንድሪስ አይነዳም፤ እንድሪስ ካልነዳ ባሻ አያነሱም፤ ባሻ ካላነሱ ወረቀቱ አይለቅም፤ ወረቀቱ ካልለቀቀ ሰኞ ሜዳ ላይ ነን!»

«አልከፍትም! የሙሄ አጎት ሲሞት ጭቃ ረግጬ አልሄድኩም? የሞላ አማት ሲያርፉ ሦስት ቀን አልተቀመጥኩም? ያንቺስ እናት፣ ይርገዱ? የእኔ ቦራ ስትሞት ግን አንድ ሰው ይህን ደጅ ረገጠ? አንድ! ሊያልፉበት ሲሆን ነው ደጄ የሚታወሳቸው!»

«ቦራ ማን ናት?» አልኩ። እናቴ ቆነጠጠችኝ።

በቅሏቸው ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገበያ ያደረሰቻቸው፣ ማታ ማታ የሚያወሯት በቅሎ። አሁን በቅሎ ሞተች ተብሎ ለቅሶ ይደረሳል? በአገራችን አይደረስም። ሰው ሁሉ ሰምቶ ስቆ አለፈ። እናቴም ስቃ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ።

እናቴ እጄን ለቀቀች። ከዚያ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገች።

«ዳገት ዳገቱን ሰው ተሸክመሽ ወጥተሽ፣
ቁልቁለቱን ዛሬ ብቻሽን ወረድሽ?»

መጀመሪያ ለወጉ ነበር፤ ድምፅ ብቻ፣ እንባ የለውም። ሁለተኛ ስትለው ድምፅዋ ተሰበረ። ሦስተኛው ላይ እንባዋ ነጠላዋ ላይ ወረደ። እማማ ደብሪቱ አዩዋት፣ አዩዋት፣ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም ጮክ ብዬ ገባሁበት። ለጫማዬ ነው።

እናቴ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» አለች።

«እሱ ያጥናሽ ልጄ» አሉና ተነሡ። እሾሁን በእጃቸው ጎተቱት።

በሩ ተከፈተ፣ ሙሄ አህዮቹን ነዳ! ሙሄ አህዮቹን ነዳ፣ ድመቷ ከወናፉ ዘለለች! ድመቷ ዘለለች፣ ጋሽ ሞላ ቀጠቀጡ! ጋሽ ሞላ ቀጠቀጡ፣ ባሌስትራው ተቀጠለ! ባሌስትራው ተቀጠለ፣ እንድሪስ ሐረጎን እያንጎራጎረ ወጣ! እንድሪስ ወጣ፣ ቆርቆሮው ገባ! ቆርቆሮው ገባ፣ ባሻ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ፍርድ ቤት ቀርበው ታግሻለሁ ብለው ፈረሙ። ባሻ ፈረሙ፣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጣ፤ ያ ዝናብ ያላስለቀቀው፣ ፍየል ያላስለቀቀችው ወረቀት በአንድ ጥፍር ተላጠ!

አባቴ የበሩን ድምፅ ሰምቶ ከግድግዳው ዞረ። እናቴን አያት።

«ይርገዱ፣ ዓይንሽ አብጧል። ማን ሞተ?»

«የእማማ ደብሪቱ በቅሎ።»

አባቴ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሊያለቅስ ነው ብዬ ስፈራ በሳቅ ፈነዳ። ያን ሳቅ፣ ማህደርዬ፣ ከዚያ በፊት ወር ሙሉ አልሰማነውም ነበር።

«እንዲህ እስክታብጪ ለበቅሎ አለቀስሽ?»

«ስጀምር ለበቅሎዋ ነበር» አለች እናቴ። «ለቅሶው በየት በኩል ዞሮ ወደኛ ቤት እንደገባ አላውቅም።»

በይ፣ እኔ አፌን ላሳርፍ፣ አንቺ እጅሽን አሳርፊ።