ከርከሮ፣ መንገድ አዋቂው መኪናና ባዶው ወንበር

ተረቴ ደጅ ቆማለች። «ትግባ» በሏት። ገብታለች፤ አሁን ጠጋ ጠጋ በሉላት።

እንስሳት እንደ ሰው በሚነጋገሩበት፣ መኪኖችም ከእንስሳት ጋር በሚከራከሩበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ ወይራ ሥር በሚባል አገር አያ ከርከሮ ይኖር ነበር። አያ ከርከሮ እርሻ ነበረው፣ ጤና ነበረው፣ ደህና ጥርስ ነበረው። ሚስት ግን አልነበረውም። ስለዚህ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም ሄደው ሄደው ሰንበሌጥ ሜዳ ደረሱና የግራዝማች ክራንቻን ልጅ፣ ወይዘሪት ውድነሽን ጠየቁለት።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ ግራዝማች። «ነገር ግን አንድ ቃል አለኝ። የሠርጉ ዕለት፣ ቀትር ሆኖ የደጄ ምሰሶ ጥላ እግሩ ሥር ሳይገባ ሙሽራው ደጄ ላይ ይገኝ። ጥላው ከገባ በሩም ተዘጋ።»

ግራዝማች ይህን ያሉት ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ከዚህ በፊት ውድነሽን ያጩ ሁለት ሙሽሮች ነበሩ። አንደኛው የመጣው በማግስቱ ነው። ሁለተኛው እስካሁን አልመጣም።

አያ ከርከሮ ቃሉ ሲነገረው ተቀምጦ አሰበ። ከወይራ ሥር እስከ ሰንበሌጥ ሜዳ በእግር ብዙ ቀን ያስኬዳል። መንገዱን ደግሞ አያውቀውም፤ መጠየቅ ሊኖርበት ነው። መንገድ መጠየቅ በዚያ አገር ቀላል ነገር አልነበረም። በመጀመሪያ ሰላምታ አለ። ጤና ይጠየቃል፤ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ከብቱና ዝናቡ ይጠየቃል። ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?» ይመጣል። ከዚያ «እንዲያው ምንም ሳትቀምስ?» ይመጣል። መንገዱ የሚነገረው ከተበላ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን «ቅርብ ነው፣ እዚያች ጋ ነው» ከሚለው አያልፍም።

«ፈጣን ነገር እፈልጋለሁ» አለ አያ ከርከሮ ለራሱ። «ሰላምታውን የሚያስቀርልኝም ነገር እፈልጋለሁ።»

ተነሥቶም ወደ መኪና ሻጯ፣ ወደ እመት ጦጢት ሄደ።

እመት ጦጢት ሾላ ዛፍ ሥር ሦስት የስፖርት መኪኖች አሰልፋ ተቀምጣለች። ሦስቱም ዝቅ ያሉ፣ ሦስቱም ሾል ያሉ፣ ሦስቱም ባለ ሁለት ወንበር ናቸው።

«እመት ጦጢት፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና፣ ተመስገን። ልታገባ ነው መሰል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ልጆች ያሉት ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሊያይ አይመጣም» አለች ጦጢት።

ይህን ሲሰማ ቀዩ መኪና ሞተሩን አጓራ። «እኔን ውሰደኝ! እኔ ነፋስን ቀድሜ ደርሼ፣ ነፋስ እስኪመጣ አረፍ የምል ነኝ።»

«መንገድስ ታውቃለህ?» አለ አያ ከርከሮ።

«መንገድ ማወቅ ያንተ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ መሮጥ ነው። ወዴት እንደምሮጥ ጠይቄ አላውቅም።»

«እውነቱን ነው» አለች ጦጢት። «የቀድሞ ጌታው አያ ጅቦ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ባሕር ዳርቻ አድርሶታል። አያ ጅቦ የፈለገው ገበያ ነበር።»

አያ ከርከሮ ወደ አረንጓዴው መኪና አለፈ። አረንጓዴው መስታወቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈች ትንሽ ሣጥን ነበረችው።

«መንገዱን እሷ ትነግርሃለች» አለ አረንጓዴው በኩራት።

«ቀጥታ ሂድ» አለች ሣጥኗ። ይህን ብላ ተላቀቀችና ወደቀች። ከወንበሩ ሥር ሆና ደግሞ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ አያ ከርከሮ።

«ግራ ያለች መሰለኝ» አለ አረንጓዴው። «ጉድጓድ ሲያጋጥመን ትወድቃለች። ከወደቀች በኋላ የምትለው አይሰማም እንጂ፣ ተሳስታ አታውቅም።»

ሦስተኛው መኪና ብርማ ነበር። አላጓራም፤ አልፎከረም። «እኔ የተለጠፈብኝ ነገር የለም» አለ ዝግ ብሎ። «መንገድ መሪዬ አብሮኝ የተሠራ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። እስቲ አናግረው።»

ከመኪናው ሆድ እንደ ንስሐ አባት የለሰለሰ ድምፅ ወጣ። «መድረሻዎን ይንገሩኝ።»

«ሰንበሌጥ ሜዳ፣ ግራዝማች ክራንቻ ደጅ።»

«መንገዱ ተገኝቷል» አለ መሪው። «አንድ ድልድይ፣ ሁለት ዳገት፣ አሥራ ሰባት መታጠፊያ። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም።»

አያ ከርከሮን የገዛችው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ጅራቱን ቀጥ አደረገ።

«ልብ በል» አለች ጦጢት። «ከመንገድ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ለመንገደኛ ከመንገድ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

ጦጢት ዋጋውን ብቻ ነገረችው። ጥሩ ሻጭ ዝም የሚልበትን ጊዜ ያውቃል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ አያ ከርከሮም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ አራቱ ሚዜዎች ለብሰው ተኳኩለው መጡ። መኪናውን ዞሩት፤ ወደ ውስጥም አዩ።

«እኛ የት ነው የምንቀመጠው?» አለ አንደኛው።

«አንዱ ወንበር የእኔ ነው። ሌላው የውድነሽ ነው» አለ አያ ከርከሮ፣ ወንበሩን በነጭ ጨርቅ እየወለወለ። «ሙሽራዬ ከመቀመጧ በፊት ማንም አይቀመጥበትም።»

«እንግዲያው ሠርጉን ስትመለስ ትነግረናለህ» አሉና ሚዜዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ።

አያ ከርከሮ ብቻውን ተነሣ። ብርማው መኪና ሮጠ፤ መሪውም መራ። «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ሲለው ታጠፈ፤ «ድልድዩን ይሻገሩ» ሲለው ተሻገረ። እውነቱን ለመናገር፣ መሪው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ሰንበሌጥ ሜዳ ሊቃረብ ሲል አያ ጃርት ዱባ ተሸክሞ በመንገዱ ዳር ሲሄድ አገኘው።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታው! ወደ ሠርጉ ነው?» አለ አያ ጃርት።

«ቀጥታ ይሂዱ» አለ መሪው።

አያ ከርከሮ ቀጥታ ሄደ። አቧራው ዱባው ላይ ዐረፈ።

ጥቂት እንደ ሄደ እመት ቆቂት ጫጩቶቿን አስከትላ ስትሄድ አገኛት።

«ደህና አደርክ ወንድሜ? አገር ሰላም?» አለች ቆቂት።

«ቀጥታ ይሂዱ» አለ መሪው።

አያ ከርከሮ ቀጥታ ሄደ። ጫጩቶቹ አስነጠሱ።

ደግሞ ጥቂት እንደ ሄደ፣ መንገዱ መሐል ክብ ነገር አየ። ክቡ ነገር ዱላ ይዟል። ቀስ ብሎም አንገቱን አወጣና «እንደምን አደርክ፣ ልጄ…» ማለት ጀመረ።

«ከፊትዎ ድንጋይ አለ» አለ መሪው። «በስተቀኝ ይለፉ።»

አያ ከርከሮ በስተቀኝ አለፈ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ መኪናው ከዓይን ጠፋ።

ግራዝማች ደጅ ሲደርስ የምሰሶው ጥላ ገና አንድ ክንድ ነበር። «ደርሰዋል» አለ መሪው። አያ ከርከሮ ከመኪናው ወረደ፤ ደረቱን ነፋ። በሩ ግን ዝግ ነው። የውድነሽ ጓደኞች በሩን ይዘው ቆመዋል፤ ግራዝማችም ከፊታቸው ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉ ግራዝማች። «በጊዜ ደርሰህ አኮራኸኝ። አሁን አባ ኤሊን ብቻ ነው የምንጠብቀው። በአገራችን አባ ኤሊ ሳይመርቁ ሙሽራ በር አያልፍም። ከሦስት ቀን በፊት ተነሥተዋል፤ በቅሎ ብንልክላቸው እወድቃለሁ ብለው እንቢ አሉ። መንገድ ላይ አላገኘሃቸውም?»

«እኔ? ማንንም አላገኘሁም» አለ አያ ከርከሮ። «አንድ ድንጋይ ነው ያለፍኩት።»

«ድንጋይ?»

«ክብ ድንጋይ። ዱላ የያዘ።»

አያ ከርከሮም የተናገረውን ራሱ ሰማው። ጆሮው ቀስ በቀስ ወደቀ።

በበሩ ስንጥቅ ውስጥ የውድነሽ ድምፅ መጣ። «አባቴ፣ ሦስተኛውም ሊሄድ ነው እንዴ?»

«ጥላው ይነግርሻል፣ ልጄ» አሉ ግራዝማች።

አያ ከርከሮ ዘሎ መኪናው ውስጥ ገባ። «ቶሎ! አባ ኤሊ ወዳሉበት!»

«አባ ኤሊ ያሉበት የሚባል ቦታ አላውቅም» አለ መሪው።

«አሁን ያለፍናቸው ሽማግሌ!»

«ያለፍነው ድንጋይ ነው። ሌላ መድረሻ ይንገሩኝ።»

አያ ከርከሮ በገዛ ዓይኑ እያየ ወደ ኋላ ነዳ። መንገዱ ዳር ክብ ነገር ሲያይ ወረደና በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እንደ ከርከሮ ወግ ማለት ነው፣ በፊት ጉልበቱ።

«አባቴ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ባለጌ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

«እኔ ደህና ነኝ» አለ ክቡ ነገር። «ነገር ግን ድንጋይ ነኝ።»

አያ ከርከሮ አፈረ።

«አትፈር» አለ ድንጋዩ። «ከተፈጠርኩ ቤተሰቤን የጠየቀኝ የለም። ሽማግሌው አቧራ ሲበዛባቸው በዚህች የእግር መንገድ ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዝ ዳር ያሉትን ጠይቅ።»

የእግር መንገዷ ለመኪና አትሆንም። አያ ከርከሮ መኪናውን ድንጋዩ አጠገብ ትቶ በእግሩ ሮጠ። «ይህ መንገድ አይደለም! ይህ መንገድ አይደለም!» እያለ መሪው ከኋላው ቀረ።

ወንዙ ዳር እመት ቆቂት የጫጩቶቿን አቧራ ታጥባለች።

«እመት ቆቂት፣ ደህና ዋልሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

«አሁን ገና ታየንህ?» አለች ቆቂት ቀና ሳትል። «ልጆቼ ያስነጥሳሉ። አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና አይደለሁም፣ እህቴ።»

እመት ቆቂት ፊቱን አየችና ራራች። «አባ ኤሊ ተሻግረው ወደ ሣሩ ገብተዋል። የሣሩን ውስጥ የሚያውቀው አያ ጃርት ነው፤ እሱን ጠይቅ። ደግሞ በደንብ ጠይቀው፣ ቶሎ ይቆጣል።»

አያ ከርከሮ ተሻገረ። አያ ጃርት ዱባውን አስቀምጦ ሲያርፍ አገኘው።

«አያ ጃርት፣ ጤና ይስጥልኝ! ዱባህ እንዴት ነው?»

አያ ጃርት እሾኹን አቆመ። «ስለ ዱባ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሰላም ያላልኩት እሱንም ጭምር ነው ብዬ ነው።»

አያ ጃርት ሳይወድ ሣቀ፤ ሲሥቅም እሾኹ ተኛ። «ዱባው ደህና ነው። ሽማግሌው ከዚያ ግንድ ጥላ ሥር ናቸው። ‹ሙሽራው ካለፈ በኋላ ምን አስቸኮለኝ› ብለው ተቀምጠዋል።»

አባ ኤሊ በእርግጥም ተቀምጠው ነበር። አያ ከርከሮ ገና አፉን ሳይከፍት «ድንጋዩ እኔ ነኝ» አሉት። እሱም እግራቸው ላይ ወደቀ። ከመሬት አነሡትና፣ ከበቅሎ ዝቅ ይላል ብለው ጀርባው ላይ ወጡ። ወንዙን አሻገራቸው፤ በእግር መንገዷም ሮጦ መኪናው ጋ አደረሳቸው፤ በዚያ በነጭ ጨርቅ በተወለወለው ወንበርም አስቀመጣቸው።

አባ ኤሊ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱት። «ደህና ወንበር ነው። ማን ተቀምጦበት መጣ?»

«ማንም። ለውድነሽ ጠብቄው ነው፣ አባቴ።»

«ውድነሽ የምትቀመጥበት ስትመለሱ ነው። ስትመጣ ለማን ነበር የጠበቅከው?»

አያ ከርከሮ ሞተሩን አስነሣ።

«ቀጥታ ይሂዱ» አለ መሪው በዚህ መሐል።

«ዝም በል አንተ!» ብሎ አያ ከርከሮ ጮኸበት።

«ተወው፣ ይናገር» አሉ አባ ኤሊ። «መንገዱን አሳምሮ ያውቃል። ያላወቀውን አውቃለሁ አላለህም። እሱ ይንገርህ፤ እኔ ሦስት ቀን ሄጃለሁና ትንሽ ላሸልብ።»

ሲደርሱ ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ፣ በወዲያኛው በኩል አንድ ጣት ወጥቷል። አባ ኤሊ ከመኪናው ወረዱ። ወርደው እስኪጨርሱ ሁለት ጣት ሆነ።

«ቃል ቃል ነው» አሉ ግራዝማች አንገታቸውን ደፍተው። «ጥላው ገብቷል።»

አባ ኤሊ ወደ ምሰሶው ዞሩ። «አንተ ምሰሶ፣ ይህ ሙሽራ ጥላህ ሳይገባ እዚህ ደጅ ተገኝቶ ነበር ወይስ አልተገኘም?»

«ተገኝቶ ነበር» አለ ምሰሶው። «ጥላዬ አንድ ክንድ ነበር።»

«ወዴት ሄደ ታዲያ?»

«እርስዎን ሊያመጣ።»

«እንግዲያው ግራዝማች፣ የዘገየው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ። በእኔ ላይ በር ትዘጋለህ?»

ግራዝማች ክራንቻ ይህን ፍርድ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ቶሎ ብለው «ክፈቱ!» አሉ። በሩ ተከፈተ። አባ ኤሊ መረቁ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ አያ ከርከሮ ግን እስከ መጨረሻው «አሜን» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሙሽሮቹ ወደ ወይራ ሥር ተነሡ። ውድነሽ በዚያ ወንበር ተቀመጠች። መኪናው ያው ፈጣን ነበር፤ መሪውም ያው አዋቂ ነበር። ነገር ግን ውድነሽ ያየችውን ሁሉ አስቁማ ሰላም ትላለች፤ የድንጋዩን ቤተሰብ ሳይቀር ጠየቀች። ስለዚህ ሲመጣ አንድ ማለዳ የፈጀው መንገድ ሲመለሱ አራት ቀን ፈጀ። መሪው በየመንደሩ «የመድረሻ ሰዓትዎ ተለውጧል» ይል ነበር፤ በኋላ እሱም ተወው።

መንገድ የሚያውቅ ደጅ ያደርሳል፤ ሰው የሚያውቅ ቤት ያስገባል።

ተረቴ ወጣች፤ እናንተም ደህና ግቡ።