ያቀረቀረችውና ቀና ያለችው

ተረት ተረት!

«የመሰረት» በሉ እንጂ፤ አፋችሁ ቆሎ ይዟል እንዴ? እሺ፣ እንደሱ ነው።

በድሮ ጊዜ ስንዱና እንጉዳይ የሚባሉ እህትማማቾች ነበሩ። እናት አባት የላቸውም፤ እንጉዳይን ያሳደገቻት ታላቋ ስንዱ ናት። አንድ ቀን ስንዱ እንጨት ለቀማ ወጥታ ቀረች። ለካ ጭራቅ ወስዷታል! እንጉዳይም እያለቀሰች ዱካዋን ተከትላ፣ ከተራራው ላይ ካለ መስክ ደረሰች።

ጭራቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ከፊቱ ሁለት ወይን ጠጅ አበቦች በቅለዋል። ሁለቱም ቅርጻቸው እንደ ቃጭል ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ግን አንዷ ወደ ሰማይ ቀና ብላለች፤ አንዷ አቀርቅራለች።

ጭራቁም፣ ከሁለቱ አንዷ እህትሽ ናት አላት። ነክተሽ በስሟ ከጠራሻት ትነሣለች፤ ከተሳሳትሽ ግን አንቺም እዚሁ ትበቅያለሽ አላት።

እንጉዳይ እጇን ወደ ቀናዋ ሰደደች። ስንዱ ለማንም አንገቷን ደፍታ አታውቅማ። ግን ልቧ ጠረጠረ። ንፋስ እስኪመጣ ልቆይ ብላ ለመነችው። ንፋስ መጣ፤ ሁለቱም ተወዛወዙ። ፀሐይ እስክትወጣ ልቆይ አለች። ፀሐይ ወጣች፤ ሁለቱም ደመቁ። ዝናብ እስኪመጣ ልቆይ አለች።

«ቆዪ፤ በርጥብ መሬት መብቀል ይሻልሻል» ብሎ ሳቀባት።

ዝናቡ ወረደ። ቀናዋ እንደ ዋንጫ ሞልታ ፈሰሰች። ካቀረቀረችው ውስጥ ግን አንዲት ንብ ክንፏ ሳይርስ ተጠልላለች። ንቢቱም፣ «እዚህ ቤት ይሞቃል» አለች።

እንጉዳይ ዘላ ነካቻት። «ስንዱዬ!»

ስንዱ ብድግ አለች፤ ንቢቱ ትከሻዋ ላይ።

ጭራቁ ጮኸ። ያቺ ኩሩ ታቀረቅራለች ብለሽ እንዴት ጠረጠርሽ አላት።

«ለአንተ ብላ ያቀረቀረች መሰለህ?» አለችው እንጉዳይ። «እንግዳ አስጠልላ ነው።»

ጭራቁ በንዴት ተነፋ፣ ተነፋ፣ ተነፋና ፈነዳ።

እህትማማቾቹ ወደ ቀናዋ ዞሩ። የማን ልጅ ናት? ማን ትባላለች? የሚያውቁትን ስም ሁሉ ጠሩላት፤ አልተነሣችም። ሲመሽ እያዘኑ ሄዱ።

እና ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ አንዷ አቀርቅራ ንብ ታስጠልላለች፤ አንዷ ቀና ብላ በስሟ የሚጠራትን ትጠብቃለች። እኛም በልጅነታችን፣ መስከረም ሲጠባ፣ ዙሪያዋን ቆመን ስም እንጠራላት ነበር። አንዳችን የአያታችንን፣ አንዳችን የጎረቤታችንን። ያ መስክ ዛሬ ታርሶ ገብስ ሆኗል። አብረውኝ ይጠሩ የነበሩትም የት የት እንደገቡ እንጃ። እኔ ግን አዲስ ስም በሰማሁ ቁጥር፣ ምናልባት የሷ ይሆን እላለሁ።

ሰውን በአንገቱ አትለዩት፤ በዝናብ ቀን ማንን እንዳስጠጋ እዩ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ።